የትኛው አመድ ሲሚንቶን ይተካል?

የሲሚንቶ ወጪው ያለው ክሊንከሩ ላይ ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቃጥለው የሚወጣው ይህ ጓል ብዙ ነዳጅ ይበላል። ድንጋዩ ራሱም በሙቀት ሲፈርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከክሊንከር ምርት ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ ነዳጅ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ክሊንከሩ ራሱ መቀነስ፣ ከፊሉም በሌላ ዱቄት መተካት አለበት።

አመድ የመቀላቀል ዘዴ አዲስ አይደለም። ሮማውያን በኔፕልስ አቅራቢያ የሚገኘውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እያዋሃዱ ገንብተዋል። ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ከማጣበቂያው ጎን ለጎን ለጥንካሬ እምብዛም የማይጠቅም ኖራ ይፈጠራል። እንደዚያ አመድ ያለው፣ ፖዞላን የሚባለው ዱቄት በውስጡ ባለው ሲሊካ ያንን ኖራ ይዞ ወደ ማጣበቂያነት ይለውጠዋል። ሲሊካው ግን መስታወት መሰል መሆን አለበት። የወንዝ አሸዋም በሲሊካ የተሞላ ነው፤ ክሪስታል ስለሆነ ግን ኖራውን ዞር ብሎ አያየውም።

የእርሻ አመድ ጉዳይ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የሩዝ ቅርፊት ሲቃጠል አንድ አምስተኛው ያህል አመድ ሆኖ ይቀራል፤ የአመዱም 90 በመቶ ገደማ ሲሊካ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ከ700 ዲግሪ እጅግ ካለፈ ሲሊካው ክሪስታል ይሆናል። ካነሰ ደግሞ ያልነደደ ከሰል ይቀራል፤ ከሰሉ ውሃ ይጠጣል፣ አርማታውንም ያደክማል። ፎገራ ውስጥ የተከመረውን ቅርፊት እዚያው ለኩሶ ሲሚንቶ ውስጥ መጨመር ስለዚህ አያዋጣም፤ ቁጥጥር ያለበት ምድጃ ይፈልጋል።

ከእርሻ አመዶች ሁሉ እኔ የማስቀድመው የባጋስን ነው። የወንጂ፣ የመተሐራና የፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ባጋስን፣ ማለትም ጭማቂው የወጣለትን አገዳ ለእንፋሎት ስለሚያነዱት አመዱ በአንድ ቦታ ይገኛል፤ ማንም ከየማሳው አይለቅምም። የወንጂን አመድ የፈተሸ ጥናት ከሲሚንቶው 10 በመቶ ያህሉ ቢተካ ጥንካሬው እንደማይጎዳ አሳይቷል። የጤፍ ጭድ አመድም በቤተ ሙከራ ይፈተሻል፤ ግን የከብት መኖና የጭቃ ቤት ማቦኪያ የሆነውን ጭድ ማን ያቃጥለዋል? የቡና ገለባ አመድ ደግሞ ፖታሲየም የበዛበት፣ ሲሊካ ያነሰው ስለሆነ ለማሳ ቢሰጥ ይሻላል።

እስካሁን ትልቁን ሥራ የሠራው ግን የእርሻ አመድ ሳይሆን ከስምጥ ሸለቆ የሚቆፈረው ፑሚስ የተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ ክሊንከር ከእሱ ጋር ተፈጭቶ የሚወጣ ነው። ፎርማኖች ፒፒሲን ለልስን፣ ፖዞላን የሌለበትን ኦፒሲን ለኮለንና ለሶሌታ ይላሉ። ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ ፒፒሲ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ውሃ ማጠጣቱ ካልተቋረጠ ግን ከወራት በኋላ ውሃና ጨው በቀላሉ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ አርማታ ይሆናል። ጉዳቱ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ማጠጣት ሲቆም ነው።

ከአመድ ውጭ ካሉት የእብነ በረድ ዱቄት በአብዛኛው ክፍተት የሚሞላ ብቻ ነው፤ ብዙ አይጠበቅበትም። የተቃጠለ ሸክላ ግን ሌላ ነገር ነው። በስዊዘርላንድ፣ በህንድና በኩባ ተመራማሪዎች የተሠራው ኤልሲ3 የተባለ ሲሚንቶ ክሊንከሩን ወደ 50 በመቶ ያወርደዋል፤ 30 በመቶው ሸክላ፣ 15 በመቶው የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ቀሪው ጂፕሰም ነው። ሸክላው የሚፈልገው 800 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ንጹሕ ካኦሊን መሆንም የለበትም፤ ለሴራሚክ የማይበቃ፣ 40 በመቶ ካኦሊናይት ያለው አፈር ይበቃዋል።