ግድግዳ የሚበሳ ንፍጥ

ስንናደድ «ቆሽቴ ድብን አለ» እንላለን እንጂ ቆሽታችን የት ጋ እንደሆነ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን እጃችንን የምናሳርፍበት ይጠፋናል። ከጨጓራ ጀርባ ጋደም ብሎ ነው ያለው። ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ራሱን የትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሆነው ዱኦዲነም አቅፎታል፤ ጭራው ጣፊያ ሥር ይደርሳል፤ የሐሞት ቱቦም ራሱን ሰንጥቆ ያልፋል። እንዲህ በተጣበበ ሰፈር ውስጥ አንዱ ሲያብጥ ሌላው መነካቱ አይቀርም።

አንድ እጢ ድንበር ጥሶ ጎረቤት አካል ውስጥ ከገባ ካንሰር ነው ብሎ መጠርጠር የቆየ ደንብ ነው። ደንቡ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ቆሽት ላይ ግን የሚያሳስት አንድ እጢ አለ። የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው ገለጹት፤ ዛሬ በአጭሩ አይፒኤምኤን ይባላል።

የሚነሳው ከቆሽት ቱቦ የውስጥ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ላይ እንደ ጣት የቆሙ ጥቃቅን ሥጋዎች ይበቅሉና ያለማቋረጥ ንፍጥ ያመነጫሉ። ንፍጡ ተነክሮ ያደረ ተልባ ነው የሚመስለው። ጤነኛው ዋና ቱቦ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በንፍጥ ሲወጠር ከ10 ሚሊ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ዱኦዲነም ውስጥ ካሜራ ያስገባ ሐኪም የቱቦው አፍ በልቅጦ ንፍጥ ሲያዝረበርብ ያገኘዋል። «የዓሣ አፍ» ይሉታል፤ አንዴ ያየው ሌላ ስም አይፈልግለትም።

ንፍጡ በቂ መውጫ ካጣ ግድግዳውን ይገፋል። ግፊቱ ሲሰነብት ግድግዳው ይሳሳል፣ ይቆስላል፣ በመጨረሻም ይበሳል። ብዙ ጊዜ የሚበሳው ወደ ዱኦዲነም ነው፤ ወደ ጨጓራና ወደ ሐሞት ቱቦ የሚበሳም አለ። ንፍጡ የሐሞት ቱቦን ከዘጋ የታማሚው ዓይን ቢጫ ይሆናል። ቀዳዳው ፊስቱላ ይባላል። ቃሉን እኛ የምናውቀው ከወሊድ ጋር ነው፤ ነገሩም የሚመሳሰለው እዚያ ላይ ነው። ምጥ ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ፊኛ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ የተጎዳው ሥጋ ሞቶ ይበሳል። እዚያ ካንሰር የለም፤ ግፊት ብቻ ነው።

በውሃ የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ያሉት፣ ሲቆረጥ የማር እንጀራ የሚመስል ሌላ የቆሽት እጢም አለ። አልፎ አልፎ ጣፊያ ውስጥ ሲገባ ይታያል፤ ካንሰር የሚሆነው ግን እጅግ በጣም ጥቂቱ ነው።

አይፒኤምኤን እንደዚያ አይታመንም። በተለይ ዋናውን ቱቦ የያዘው ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግድግዳውን የሚበሳው ራሱ ካንሰሩ ሊሆን ይችላል። በሲቲ ስካን ሁለቱ ቀዳዳዎች ይመሳሰላሉ። በመርፌ የተወሰደ ናሙናም ሁልጊዜ አይለያቸውም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ እጢው የቆሽት ራስ ላይ ከሆነ የቆሽቱን ራስ፣ ዱኦዲነሙንና የሐሞት ከረጢቱን አንድ ላይ ያወጣል፤ መልሱም የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ የቀዳዳው ከንፈር በስሱ ተቆርጦ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ነው።