በዓመት አንድ እንቁላል

የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በበጋ ከብት ይበዛበታል። ቆላው ሲደርቅ ኦሮሞውም፣ አፋሩም፣ አርጎባውም ሣርና ውኃ ፍለጋ መንጋውን ወደዚያ ይነዳል። ከብት በተሰበሰበበት የሚሞትም አለ፤ የሞተ ካለ ደግሞ ጥንብ አንሳ ይመጣል።

ጥንብ አንሳ ማልዶ አይነሳም። ክንፉ ትልቅ፣ ገላው ከባድ ስለሆነ እያርገበገበ ቢበር ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ይጠብቅና ከታች በሚነሳው ሙቅ አየር ላይ ክብ እየሠራ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል፤ ዓይኑ መሬቱንም፣ ሌሎቹን አሞራዎችም ይከታተላል። አንዱ ሲወርድ ያየ ሁሉ ተከትሎት ይወርዳል፤ ባዶ የነበረው ሰማይ ድንገት በአሞራ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን በጎበኘው ጀርመናዊ አሳሽ በሩፔል ስም የሚጠራው ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። እስካሁን ከተመዘገቡት የወፍ በረራዎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው።

በቄራና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ የምናየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ትንሹ፣ ቡናማው፣ ራሱ ላይ ላባ የሌለው ጥንብ አንሳ። ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ፊቱ ነጣ ያለ ሮዝ ነው፤ ሲቆጣ ወይም ለምግብ ሲሻማ ደም ሰርጾበት ይቀላል። ምንቃሩ ቀጭን ስለሆነ ትልልቆቹ በልተው ሲነሱ በአጥንት መካከል የቀረውን ሥጋ እየለቀመ ያወጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ የእነዚህ ወፎች መራባት ነው። የሩፔል ጥንብ አንሳ በገደል ላይ ብዙ ሆኖ ይሰፍራል፤ ትንሹ በትልቅ ዛፍ ባላ ላይ እንጨት ረብርቦ፣ ውስጡን ቅጠል አልብሶ ጎጆውን ይሠራል። ሁለቱም የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ትንሹ እንቁላሉን 50 ቀን ገደማ ያቅፋል፤ ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ። ጫጩቱ ለመብረር ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል፤ ከበረረ በኋላም ወላጆቹ ለወራት ይመግቡታል። እሱ ራሱ ጎጆ ለመሥራት ገና ዓመታት ይቀሩታል። ዶሮ በአንድ ጊዜ አሥር ጫጩት ስትፈለፍል ጥንብ አንሳ የዓመቱን ድካም ሁሉ በአንድ ላይ ይጥላል። አንድ ወላጅ ሲሞት ጉዳቱን ለመተካት ብዙ ዘመን የሚወስደው ለዚህ ነው።

እንግዶችም አሉ። በቱርክና በቡልጋሪያ ገደሎች የተፈለፈለው የግብፅ ጥንብ አንሳ የዚያ አገር ብርድ ሲቃረብ ወደ ደቡብ ይመጣል፤ ከመዳረሻዎቹ አንዱ ከጨፋ በስተምሥራቅ ያለው አፋር ነው።

በአፍሪካ እነዚህን ወፎች ከሚጨርሷቸው ነገሮች ዋነኛው መርዝ ነው። ጅብ ወይም ውሻ እንዲበላው ተብሎ ጥንብ ላይ የሚደረግ መርዝ የአሞራውን መንጋ በሙሉ ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሩፔልም ትንሹም ጥንብ አንሳ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገቡ። በህንድ ደግሞ ጠንቁ ለከብት የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሞቶ ሲበሉት የአሞራዎቹን ኩላሊት ያጠፋል። በአጭር ዘመን ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አለቁ፤ የተረፈውን ሥጋ የሚበሉ ውሾችም በዙ። ህንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት እንዳይውል ከለከሉት፤ በምትኩም አሞራን የማይጎዳው ሜሎክሲካም ተመረጠ። የታመመች ላሙን ለእንስሳት ሐኪም የሚያሳይ አርብቶ አደር ይህንኑ በስሙ ጠይቆ ቢያስወጋት፣ ላሟ ባትድን እንኳ ሥጋዋ ለአሞራው መርዝ አይሆንም።