በልብ ዙሪያ የሚጠራቀመው ውሃ

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የነፍሰ ጡር ምርመራ ነው። ይኸው መሣሪያ ከእምብርት ከፍ ብሎ የጎድን አጥንት ሥር ሲደገፍ ልብን ያሳያል፤ ያን ጊዜ ሐኪሞች «ኢኮ» ይሉታል። የሳንባ ካንሰር ወደ ልብ ሲዛመት በዚህ ምርመራ ሊገኝ ይችላል።

ልብ የሚቀመጠው ድርብ በሆነ ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። በጤናማ ሰው በድርቡ መካከል ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አለ፤ ልብ ሲመታ እንዳይፋተግ ያለሰልሰዋል። ሳንባ የቅርብ ጎረቤቱ ነው። ካንሰሩ በቀጥታ ገፍቶ፣ ወይም በሊምፍ ሥሮች ተጉዞ ከረጢቱ ላይ ሲያርፍ ፈሳሹ ይበዛል። ቀስ እያለ ከተጠራቀመ ከረጢቱ ተለጥጦ ከአንድ ሊትር በላይ ሊይዝ ይችላል። በፍጥነት ከሞላ ግን ጥቂቱም ልብን ያንቀዋል።

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ክሎድ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1935 የዚህን መታነቅ ሦስት ምልክቶች ገልጿል፦ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የአንገት ደም ሥር ይገተራል፣ የልብ ምት በማዳመጫው ከሩቅ እንደሚመጣ ይሰማል። እነዚህን ለመለየት የግፊት መለኪያ፣ ማዳመጫና አስተዋይ ዓይን ይበቃል፤ እንደ መቻራ ባለች ትንሽ ከተማ ያለ ጤና ባለሙያም ሊደርስባቸው ይችላል። ሦስቱ አብረው አለመታየታቸው ግን ሊያዘናጋ አይገባም። ራጅም ቢሆን ፈሳሹ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ እስኪደርስ የልብን ጥላ አስፍቶ ላያሳይ ይችላል።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ውሃው ከታየ በኋላ ነው። በአፍሪካ በልብ ዙሪያ ፈሳሽ የሚያጠራቅመው ዋነኛው በሽታ ካንሰር ሳይሆን ቲቢ ነው። ሁለቱም ያስላሉ፣ ያከሳሉ፣ ሌሊት ላብ ያመጣሉ፤ ፈሳሹን ደም ማስመሰልም የሁለቱም ጠባይ ነው። ስለዚህ በኢኮ እየተመለከቱ ፈሳሹን በመርፌ መቅዳት ያስፈልጋል። መቅዳቱ ልብን ወዲያው ያሳርፋል፣ ናሙናም ያስገኛል። ናሙናው ለካንሰር ሕዋስ ወደ ፓቶሎጂ፣ ለቲቢ ደግሞ ወደ ጂን ኤክስፐርት ምርመራ መሄድ አለበት። አንዱን ብቻ መርምሮ መድኃኒት መጀመር ለበሽተኛው ወራት ሊያስከፍለው ይችላል።

በፈሳሹ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ከተገኘ የሳንባ ካንሰሩ አራተኛ ደረጃ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሕክምናውም በቀዶ ሕክምና ከማውጣት ይልቅ በመድኃኒት ላይ ያተኩራል። አለመገኘቱ ግን ነፃ አያወጣም፤ ሲቲ ስካንና ከሳንባው ወይም ከከረጢቱ የሚወሰድ ቁራጭ ናሙና ሊያስፈልግ ይችላል።

ከመቻራ የተነሳ በሽተኛ በገለምሶና በበዴሳ አልፎ ጭሮ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። ልቡ የታነቀ ሰው ይህን መንገድ ተጉዞ ወረፋ ሊጠብቅ አይችልም። በእኔ እምነት ኢኮ ማንሣትና ፈሳሽ መቅዳት የሚችል ባለሙያ ለበሽተኛው ቅርብ በሆነው ሆስፒታል ሊኖር ይገባል።

ጋደም ሲል ትንፋሹ የሚያጥረው፣ የአንገቱ ደም ሥር የተገተረ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ፈሳሽ ከተቀዳለት ናሙናው ለየትኞቹ ምርመራዎች እንደተላከ ጠይቁ፤ የውጤቱን ወረቀትም ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል ሂዱ።