«ምች ነው» ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ

ለወሊድ መቆጣጠሪያና ለእርግዝና ክትትል ወደ ክሊኒካችን የሚመጡ ባለትዳሮች በበጋ ወራት ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲያጋጥም ምች ነው ወይስ ሌላ በሽታ? አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሕመም ይሆናል። አንዳንዴ ግን ማጅራት ገትር ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ዳማከሴ ታሽቶ መተኛት ሕይወት ያስከፍላል።

ማጅራት ገትር አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ የሚመጣ ነው። በአገራችን በወረርሽኝ መልክ ሲያመጣው የኖረው ሜኒንጎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስ፣ በመሳሳምና በአንድ ክፍል አብሮ በመኖር ነው። ቂርቆስና ካዛንቺስ በጠባብ የቀበሌ ቤት አምስት ስድስት ሆኖ ያደረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። መስኮት መክፈት ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እንደገናም በ1981 ዓ.ም. የተነሡት ወረርሽኞች ብዙ ሕዝብ ጨርሰዋል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች በዘመቻ የተሰጠው ክትባት «ኤ» የተባለውን ዓይነት ይከላከላል። ሌሎቹን ዓይነቶች ግን አይነካም፤ ስለዚህ «ተከትቤአለሁ» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዙ ደግሞ አራት ዓይነት የሚከላከለውን ክትባት አስቀድመው መውሰድ አለባቸው።

ምልክቶቹ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት፣ መቃዠት፣ አንገት ደርቆ አገጭን ደረት ማስነካት አለመቻል ናቸው። ሕፃን አንገቱ ላይደርቅ ይችላል። ጡት እምቢ ካለ፣ ሲያነሡት አብዝቶ ካለቀሰ፣ ከፈዘዘ፣ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ ወዲያው ይዛችሁት ውጡ። ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ በቆዳ ላይ ከታየም እንዲሁ። በጠይም ቆዳ ላይ ስለማይጎላ መዳፍን፣ የእግር ጫማንና የዓይን ቆብ ውስጡን ተመልከቱ። ምልክቱ ሁሉ እስኪሟላ ግን አትጠብቁ።

ካልታከመ ከሁለት ታማሚ አንዱ ሊሞት ይችላል፤ ሞቱም ብዙ ጊዜ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ነው። ከዳኑትም አንዳንዶቹ የመስማት ችሎታቸውን ያጣሉ። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ ጀምሮ የሚቋረጥ መድኃኒት በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድንም።

አንድ ሰው በበሽታው መያዙ ሲረጋገጥ አብረውት ለሚኖሩት ሐኪም የመከላከያ መድኃኒት ያዝዛል። እዚህ ላይ ሚስቶች ልብ በሉ። የታዘዘው ሪፋምፒሲን ከሆነ፣ በየቀኑ የሚዋጠውን እንክብልና በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ያዳክማል። መድኃኒቱን በምትወስዱበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ለ4 ሳምንት ኮንዶም ጨምሩ። ሉፕንና የሦስት ወር መርፌን አይነካም። (ሽንትን ያቀላል፤ አትደንግጡ።) ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት እንዲመርጥ አስቀድማችሁ ንገሩት።

በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ሌላ ሠፈር የገባችሁ ደግሞ፣ ሌሊት የሚቀበላችሁ ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነና በምን መኪና እንደምትደርሱ ዛሬውኑ ጎረቤት ጠይቁ።