ጉልበትን የሚያስረጀው ዕድሜ ብቻ ነውን?

በልደታ ሰፈር ሊፍት በሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ መካከል ቆመው ጉልበታቸውን የሚያሹ እናቶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምን እንደ ሆኑ ሲጠየቁ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል!» ይላሉ። ሕመሙንም ሁላችን በጅምላ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» እንለዋለን። ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ጠጥሮ የሚያመጣው ትክክለኛው ሪህ ግን ሌላ ነው። እኛ እዚህ የምንመለከተው ልም አጥንት እየሳሳ የሚመጣውን፤ በተለይም ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘውን ነው።

ልም አጥንት አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ ጫፎቹን የሚሸፍን አካል ነው። የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ስለዚህም ከተጎዳ በቀላሉ አይጠገንም።

ቀድሞ ውፍረት ጉልበትን የሚጎዳው በሸክሙ ብቻ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን ሰው በእጁ አይሄድም፤ ሆኖም ይኸው በሽታ በወፍራም ሰዎች የጣት መገጣጠሚያ ላይም ከቀጭኖቹ ይልቅ በርክቶ ይገኛል። እንግዲህ ከሸክሙ ሌላ በደም የሚጓዝ ምክንያት አለ ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ሕዋስ እንመለስ። በ1954 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961) ሄይፍሊክና ሙርሄድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሰው ጤነኛ ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ መከፋፈሉን እንደሚያቆም አሳዩ። ያቆመው ሕዋስ ወዲያው አይሞትም። በልም አጥንት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ግን በአዋቂ ሰው እምብዛም ስለማይከፋፈሉ፤ የሚያስረጃቸው ቁጥሩ ሳይሆን የሚደርስባቸው ጉዳት ነው። በደም የበዛ ስኳር ከልም አጥንቱ ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ያደርቀዋል፤ የበዛ ስብም ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። ሁለቱም ሕዋሱን ያለ ጊዜው ወደ እርጅና ይገፉታል።

ያረጀ ሕዋስ፤ እንደኛ አነጋገር፤ ኪራይ የማይከፍል፣ ቤቱንም የማይለቅ፣ ይባስ ብሎ ጎረቤት የሚበጠብጥ ተከራይ ነው። ልም አጥንትን የሚያፈርሱ ኤንዛይሞችን ይረጫል፤ በአጠገቡ ያሉትንም ሕዋሳት ያስረጃል።

ታዲያ ተከራዩን ማስወጣት ይቻላልን? በ2009 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት ጉልበታቸው በተጎዳ አይጦች ውስጥ ያረጁት ሕዋሳት ሲወገዱ የበሽታው ግስጋሴ እንደ ቀነሰ አሳየ። ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን በዚሁ ሐሳብ የተሠራ መድኃኒት በሰው ጉልበት ተወግቶ ሲፈተን፤ በ2012 ዓ.ም. በተነገረው ውጤት መሠረት፤ ከ12 ሳምንት በኋላ ሕመሙን ከባዶው መርፌ አብልጦ አላስታገሠም። የአይጥ ጉልበት የሰው ጉልበት አይደለምና ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ለጊዜው የታወቀው ረድኤት ክብደት መቀነስና የጭን ጡንቻን በእንቅስቃሴ ማጠንከር ነው።

በዚሁ በልደታ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ለስኳር ክትትል ወደ ሐኪም ቤት ከሚመጡት ሕሙማን ስንቶቹ ጉልበታቸውን፤ ስንቶቹስ ጣታቸውን ጭምር እንደሚያማቸው መጠየቅና መቁጠር ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ፤ በተማሪ ዐቅም የሚሠራ ጥናት ነው።