አይጂቢቲው ለምን ተቃጠለ?

ከዱቄት ፋብሪካ ለጥገና የሚመጣ የሞተር ኢንቨርተር ሲከፈት ከሁሉ በፊት ዓይን ውስጥ የሚገባው ዱቄቱ ነው። ፋኑ ላይ ተጋግሯል፤ የሂትሲንኩን ክንፎች ጠቅጥቋቸዋል። ባለቤቱ ግን የሚጠይቀው «አይጂቢቲው ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?» ብሎ ነው። ወፍጮው ቆሞበት ቢቸኩል አይፈረድበትም። እኔ ደግሞ ምክንያቱን ሳላገኝ አዲስ አይጂቢቲ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋውን ትራንዚስተር፣ አልገጥምም።

በ380 ቮልት የሚሠራ ኢንቨርተር ካፓሲተሮቹ ላይ ወደ 540 ቮልት ዲሲ ይይዛል። ብሬከሩ ከወረደም በኋላ ቻርጁ ቶሎ አይለቅም። ደቂቃዎች ጠብቄም ቢሆን በመልቲሜትር ሳልለካ እጄን አላስገባም፤ ጠቋሚ መብራቱ ጠፋ ብሎ መድፈር ሕይወት ያስከፍላል።

የሞተውን መለየት ቀላል ነው። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጌ ከዲሲው ፕላስና ማይነስ ወደ ሦስቱ መግቢያና ወደ ሦስቱ መውጫ እለካለሁ። ጤነኛው በአንድ በኩል ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት አካባቢ ያነባል፣ በሌላው ይዘጋል። ዜሮ ያነበበው ሾርት ነው።

አይጂቢቲ ሲቃጠል ግን ብዙ ጊዜ ጌቱን የሚነዳውን ሰርኪዩትም ይዞት ይሄዳል። የጌቱ ሬዚስተር ተበጥሶ ወይም ኦፕቶካፕለሩ ተበላሽቶ ሳለ አዲሱ ከተገጠመ፣ ኃይል ባገኘ ቅጽበት ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ስድስቱን የጌት ሰርኪዩቶች እርስ በርስ አስተያያለሁ፤ ከአምስቱ የተለየው ይነቀላል። ጥፋቱ ከሞተሩም ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ከኢንቨርተሩ ፈትቼ በሜገር፣ በኢንሱሌሽን መለኪያው፣ እለካለሁ፤ ሳይፈታ ሜገር ከተሰጠው ኢንቨርተሩ ራሱ ሊቃጠል ይችላል። መጀመሪያ ኃይል ስሰጥም ከካፓሲተር ወደ አይጂቢቲ በሚሄደው መስመር ላይ ሦስት የ220 ቮልት ባለ ክር አምፖሎች በተከታታይ አስገባለሁ። የቀረ ጥፋት ካለ አምፖሎቹ ይበራሉ፣ አይጂቢቲው ይተርፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ገዢዎች እምብዛም አያነሱትም፤ ከፍታ። አምራቾች የሚጽፉት አቅም በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀነሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ እየዞረም ሙቀቱን እንደ ቆላው አያወጣም፤ 15 ኪሎዋት የተባለው እዚህ ከ13 ብዙም አይዘልም። ሙሉ ጭነትና ዱቄት ሲጨመርበት አይጂቢቲው አይችልም። ለ15 ኪሎዋት ሞተር የ18.5 ኢንቨርተር ግዙ የምለው ለዚህ ነው። ያለው እንዲቆይ ከተፈለገ ደግሞ ኢንቨርተሩ ያለበት ፓነል ከወፍጮው ክፍል ይውጣ፤ ካልተቻለ የፓነሉ አየር ማጣሪያ በየሳምንቱ ይራገፍ። ይህን ደረሰኙ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ለባለቤቱም ለተረኛው ቴክኒሽያንም በቃል እደግመዋለሁ።