ከግድብ በታች ያለ መጋዘን

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዝናቡ በክረምት ወራት ተጠቃሎ ይወርድና ረጅም በጋ ይከተላል። ጓንግና ሽንፋ በክረምት ሞልተው ወደ ሱዳን ይወርዳሉ፤ በበጋ ግን ውሃቸው እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ የክረምቱን ውሃ በአነስተኛ ግድብ አቁሮ ለመስኖ ማዋል ለገበሬው ሁለተኛ ምርት፣ ለመተማ ነጋዴም ተጨማሪ ሸቀጥ ያስገኛል። ይሁን እንጂ ከጥቅሙ ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባው የግድቡ የአደጋ ደረጃ ነው።

ብዙ ሰው የአደጋ ደረጃ ሲባል የግድቡን ጥንካሬ የሚመለከት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ደረጃው የሚወሰነው ግድቡ ቢፈርስ ከበታቹ በሚጠፋው ነገር ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በሚሠራበት የሦስት ደረጃ ክፍፍል መሠረት፣ ጉዳቱ ከባለቤቱ ይዞታ የማያልፍ ከሆነ ዝቅተኛ፤ የሰው ሕይወት ባይጠፋም መንገድ፣ ድልድይና ንብረት የሚጐዳ ከሆነ መካከለኛ፤ ሰው ይሞታል ተብሎ የሚያሰጋ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል።

ይህም ለነጋዴው ትልቅ ቁም ነገር ነው። ዛሬ ከበታቹ ጫካ ብቻ ያለው ግድብ ዝቅተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። ነገ በወንዙ ዳር ሱቅ፣ የሰሊጥ መጋዘንና የካሚዮን ማቆሚያ ቢሠራ፣ ከግድቡ አንዲት ድንጋይ ሳትነካ ደረጃው ከፍ ይላል። ለዝቅተኛ ደረጃ ተለክቶ የተሠራው የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻ ግን እንደ ጠበበ ይቀራል።

የግድብ ትንሽነትም መተማመኛ አይሆንም። በ1970 ዓ.ም. በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት፣ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል የነበረው የኬሊ ባርንስ የዐፈር ግድብ ሌሊት ፈርሶ 39 ሰዎች ሞቱ። በጎረቤት ሱዳንም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን የነበረው የአርባአት ግድብ በከባድ ዝናብ ፈርሶ ቢያንስ 30 ሰዎች ሞቱ፤ መንደሮችም በጐርፍ ተጠረጉ።

የዐፈር ግድብ በአብዛኛው የሚፈርሰው ጐርፉ ከአናቱ ላይ ሲያልፍ ወይም ሰርጎ የገባ ውሃ ውስጡን ሲቦረቡረው ነው። መረሬ ዐፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ስንጥቁን መድፈን፣ ማስተንፈሻውንም ከደለልና ከቁጥቋጦ ማጽዳት ያስፈልጋል። ከግድቡ ግርጌ የደፈረሰ ውሃ ሲመነጭ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ለመስኖ ባለሙያ ማስታወቅ ይገባዋል።

ነጋዴም መጋዘን ከመሥራቱ በፊት የቦታውን ኪራይና የመንገዱን ቅርበት እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ከበላዩ ግድብ መኖር አለመኖሩን፣ ውሃው ቢለቀቅ የት ድረስ እንደሚደርስና ማስጠንቀቂያውን ማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይጠይቅ። ጥቂት ከፍ ባለ ቦታ ላይ መሥራት የዓመቱን ምርትና የዘበኛውን ሕይወት ያድናል።